አምፒሲሊን ያሳበጣት ልጅ አሞክሳሲሊን ትዋጥ ወይ?

አንድ ገበሬ ነበረ፤ በቆሎውን ጃርት ይጨርስበታል። በአገሩ ጃርት የሚያጠምዱ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩና ታላቁን ጠራ። ታላቁ ሥራውን ያውቃል፣ ግን ጣጣ አለበት። በቀን አራት ጊዜ ይመጣል፤ ቤተሰቡ እህል ሳይቀምስ ካልገባ አይሆንለትም፤ ሲወጣም ግቢውን አበላሽቶ ነው። ያም ሆኖ ጃርቱን አጠፋ። የቤቱ ውሻ ግን የአጥማጁን ሽታ አልወደደውም። ግቢውን ጭሮ ጭሮ አጎረበጠው። ገበሬው ይኼን አይቶ አጥማጁን አሰናበተ።

በዓመቱ ጃርቱ ተመለሰ። ገበሬው ታናሹን ሊጠራ ሲነሳ ሚስቱ፣ «ያው የአንድ እናት ልጆች አይደሉ እንዴ? ውሻውስ?» አለችው። ሳቀባት። ይኼኛው በቀን ሦስቴ ይበቃዋል፣ በልተንም ሳንበላም ቢመጣ ግድ የለውም፣ ግቢም ብዙ አያቆሽሽም፤ ስሙስ ቢሆን ሌላ አይደለም ወይ አላት።

ውሻ ስም አይጠይቅም። ታናሹ ደጃፍ ሳይደርስ ያ ሽታ መጣበትና ሰንሰለቱን በጠሰ። አጥማጁ አጥር ዘሎ አመለጠ። ውሻው ግን አልበረደለትም፤ ቤት ገባ፣ ያገኘውን ገለባበጠ፣ በመጨረሻም የገዛ ቤቱን ልጅ አንገቷን ያዘ። አባት ሲደርስ ትንፋሽ አልነበራትም። ውሻው አጠገቧ ተቀምጦ ጅራቱን ይቆላል፤ ቤት የጠበቀ መስሎታል እኮ። ገበሬው እጁን አፉ ላይ እንደጫነ ደርቆ ቀረ።

ይታክቱ፣ እኔም ጥያቄሽን የሰማሁት እንደሱ ሆኜ ነው። አምና አምፒሲሊን የልጅሽን ገላ አጎረበጠው፣ ከንፈሯን አሳበጠው። ዛሬ ለጉሮሮዋ ከጎረቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ለምነሽ መጥተሽ፣ ይኼ እንኳ ሌላ ነው፣ ለሆድም ይሻላል ትይኛለሽ። መድኃኒትም እንደ ወንፊት መዋዋስ ተጀመረ? ለሆድ መሻሉስ እውነት ነው። ግን ሁለቱም የፔኒሲሊን ወገን ናቸው፤ ውሻው ደግሞ ያለው በልጅሽ ደም ውስጥ ነው፤ ገላዋን የሚጠብቀውን ማለቴ ነው። የኔ ልጆች ውሻ ሁለቱንም አሳልፎ ይተኛል። የሷ አይተኛም ይሆናል፤ አምና የጫረው ዘንድሮ አንገት ይይዛል። ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ሌላውን ከማውራትሽ በፊት አምና ማበጧን ተናገሪ። ከሌላ ወገን የሆነ መድኃኒት አያጡላትም።

በይ አሁን ያን እንክብል ከእጅሽ አስቀምጪው፤ ልጂቱ ውሃውን ይዛ እየጠበቀችሽ ነው።