ለሁሉም አንድ አንድ ስኒ

ተረት ልነግራችሁ ነው። የምትሰሙ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ፤ የምታዛጉ አፋችሁን ዝጉ፤ የጥጋብ ተረት እንዳይመስላችሁ።

በአንድ ቆላ አገር አንድ መንደር ነበረ። መንደሩ አንድ ጉድጓድ ነበረው፤ ጉድጓዱም አንድ የውሃ አባት። የውሃ አባት ማለት ለመንደርተኛው ውሃ የሚያካፍል፣ በውሃ የተጣላውን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ስሙ አያ ቢያድግልኝ ይባላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ የሚሻሙ ሹሞች አሉ አይደል? እሱ እንዲያ አልነበረም። የተሾመ ዕለት ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ፣ «ለሁሉም እኩል እሰፍራለሁ፤ ካዳላሁ ውሃ ያንቀኝ!» ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አዳልቶ አያውቅም። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ከደግነቱ ነው።

በጋው ሲከር ከጉድጓዱ በላይ ያለው ገደል ተናደና አንድ ትልቅ ድንጋይ ተንከባሎ መጥቶ የጉድጓዱን አፍ ግጥም አድርጎ ዘጋው። ወንዙ አሸዋ ሆኗል፤ የማዶው ምንጭ ጭቃ እንኳ የለውም። እንሰደድ ቢሉ ለመሰደድም ውሃ መያዝ ያስፈልጋል። በዚያ አገር ደንብ ውሃ የጠፋ ዕለት የየቤቱ እንስራ ከነውሃው ወደ ውሃ አባቱ ቤት ይገባል። እንስራዎቹ መጡ፤ አያ ቢያድግልኝ ጓዳ ተደረደሩ፤ ማለፊያ እስኪጠፋ ድረስ ጓዳውን ሞሉት።

እሱም ስኒውን አነሳ። በየጧቱ ለሰው ሁሉ አንድ አንድ ስኒ! «የእሷ ሞልቷል፣ የእኔ ጎድሏል» ሲሉት ይዳኛል፤ ሲዳኝ ይመሻል። ስለ ድንጋዩ ሊያማክሩት ሲመጡ፣ «ጊዜ የለኝም፤ እየሰፈርኩ ነው» ይላቸዋል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ስኒው ሲሞላ ጓዳው ጎደለ፤ ስኒው ሲሞላ ጓዳው ጎደለ፤ በመጨረሻ አንዲት እንስራ ብቻ ቀረች።

ድንቄ የምትባል የልጅ ልጅ ነበረችው። እናቷ ሞታባት አያቶቿ ናቸው የሚያሳድጓት። በዚያ ሰሞን ትኩሳት ጣላት፤ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ሚስቱ እመት ይመኙሻል የራሷን ስኒ ለልጅቷ ትሰጣለች፤ ባሏን ግን «ጠጥቻለሁ» ትለዋለች። አንድ ጧት ድንቄ አያቷን ቀና ብላ አየችውና፣

«አባባ፣ ስኒ አልፈልግም። ቅል ሙሉ ውሃ ስጠኝ» አለችው።

ቅል ሙሉ ውሃ! አሁን ይሄ ትልቅ ነገር ነው? ክረምት ላይ ውሻ እንኳ አይከለከለውም። አያ ቢያድግልኝ ስኒውን አስቀምጦ ከቤት ወጣና ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

«ጉድጓድ፣ ድንቄ ቅል ሙሉ ውሃ ትላለች፤ ስጣት እንጂ!»

«ውሃስ ሞልቶኛል» አለ ጉድጓዱ ከታች። «አፌን ድንጋይ ይዞኝ እንዴት ልስጥ? ድንጋዩ ካልተነሳ አልሰጥም።»

ወደ ድንጋዩ ዞረ። «ድንቄ ውሃ ትላለች፤ ጉድጓዱ አይሰጥም፤ አንተ ድንጋይ፣ ተነስ!»

«በእጅ ገፋችሁኝ፤ እንቢ አልኩ። በእንጨት ሞከራችሁኝ፤ እንጨታችሁ ተሰበረ» አለ ድንጋዩ። «ዲጅኖ ካልፈነቀለኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

የመንደሩ ዲጅኖ ለሁለት ተሰብሮ በቀጥቃጩ ደጅ ወድቋል። አያ ቢያድግልኝ ከአጠገቡ ቁጢጥ አለ። «ድንቄ ውሃ ትላለች፤ ጉድጓዱ አይሰጥም፤ ድንጋዩ አይነሳም፤ አንተ ዲጅኖ፣ ፈንቅለው!»

«ወገቤ ተሰብሮ ምኑን ልፈንቅል?» አለ ዲጅኖው። «እሳት አግሎ ካልገጠመኝ አልፈነቅልም።»

ቀጥቃጩ ሽባባው ከቀዘቀዘ ምድጃው ፊት ወናፉን ታቅፎ ተቀምጧል። «ሽባባው፣ ድንቄ ውሃ ትላለች፤ ጉድጓዱ አይሰጥም፤ ድንጋዩ አይነሳም፤ ዲጅኖው አይፈነቅልም፤ እሳቱን አንድደው እንጂ ወንድሜ!»

ሽባባው ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «በምን ላንድደው፣ አያ? ከሰሌ አልቋል። ጭራሮ ደግሞ ብረት አያግልም። ያከሰልኩት ከታች ከጫካው ተከምሮልሃል። በስኒ ውሃ ያን ዳገት ከሰል ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ካለህ ላከው! አህያ ካላመጣችው አይመጣም። ይህን ልነግርህ ስንቴ ደጅህ ቆምኩ? እየሰፈርክ ነበር።»

አያ ቢያድግልኝ ወደ ውባለም ቤት ወረደ። ውባለም ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ በመንደሩ የቀረችው አንዲት አህያም የእሷ ናት። አህያዋ ጥላ ስር ተጋድማለች፤ ዝንብ እንኳ አታባርርም።

«እህቴ ውባለም፣ ድንቄ ውሃ ትላለች፤ ጉድጓዱ አይሰጥም፤ ድንጋዩ አይነሳም፤ ዲጅኖው አይፈነቅልም፤ እሳቱ አይነድም፤ ከሰሉ አይመጣም፤ አህያሽን ስደጃት።»

«አያ ሙት! እንኳን ገደል ልትወርድ ጆሮዋን ማቆም አቅቷታል» አለችው። «እንስራ ሙሉ ካልጠጣች አትሄድም። ያኔ ጓዳህ ሞልቶ ሳለ አንዷን እንስራ ለእሷ ብትለቅ ማን ይጎዳ ነበር? ሳይቃጠል በቅጠል ነበር እንጂ! አሁን ስንት ቀረህ?»

«አንዲት» አላት መሬት መሬት እያየ።

«ኤዲያ!» አለችና ፊቷን አዞረች።

ወደ ቤቱ ተመለሰ። እግሩ ይጎተታል። ባዶዎቹን እንስራዎች አልፎ ከመጨረሻዋ ፊት ቆመ። «ድንቄ ውሃ ትላለች፤ ጉድጓዱ አይሰጥም፤ ድንጋዩ አይነሳም፤ ዲጅኖው አይፈነቅልም፤ እሳቱ አይነድም፤ ከሰሉ አይመጣም፤ አህያዋ አትሄድም፤ አንቺ እንስራ፣ ፍሰሽ!»

«እኔ የለመድኩት ስኒ ነው» አለች እንስራዋ። «ለሁሉም እኩል እንጂ ለአንድ አልፈስም። ከልካዬ መሐላህ ነው፤ ባለመሐላው ደግሞ አንተ ነህ። ምን እኔን ትለምነኛለህ?»

አያችሁ? አገር ምድሩን ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ራሱ ጋ ደረሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሱም መሐላውን አልለቅ ብሎ ቆመ። ይሄኔ እመት ይመኙሻል ከመደቡ ላይ ሆና ተጣራች።

«አንተ ሰውዬ!»

«አቤት፣ ይመኙ።»

«ለሁሉም እኩል እያልክ የምትሰፍረው ሞት ነው። ሂድ፣ አህያዋን አጠጣት።»

«ለድንቄ አንድ ስኒ ላስቀርና...»

«ለድንቄ ካስቀረህ ሌላውስ ለልጁ አስቀርልኝ አይልህም? አንድ ስኒ፣ አንድ ስኒ ስትል አህያዋ ምን ልትጠጣ ነው? የትናንቷ ስኒዬ እጄ ላይ አለች፤ እሷን አብቃቃላታለሁ። ውሰደው!»

እንስራዋን ተሸክሞ ወጣ። መንደሩ አየው፤ ተንጫጫ። «ለአህያ! ልጆቻችን እየሞቱ ለአህያ!» አሉ። አንዱ ድንጋይ አነሳበት፤ አንዲት እናት ፊቱ ላይ ልትተፋ ፈልጋ ምራቅ አጣች። እሱ ግን አላቆመም። «እኔ ነኝ የማልኩት፣ እኔ ነኝ ያፈረስኩት፤ ውሃ ቢያንቅም የሚያንቀው እኔን ነው» አለና በውባለም ገበታ ገለበጠው። አህያዋ ጠጣች፤ ሰዉ ከንፈሩን እየላሰ ያያል። ከጠጣች በኋላ ተነሳች፤ ውባለም ጆንያዋን ጭና ቁልቁል ነዳቻት።

ያን ቀን ስኒ የለም። በማግስቱም የለም። አያ ቢያድግልኝ ሥራ የፈታ እጁን ይዞ ከደጅ ተቀምጦ ቁልቁል ያያል። ከቤት ውስጥ እመት ይመኙሻል ጥጥ በስኒዋ እየነከረች የድንቄን ከንፈር ታረጥባለች። ለራሷ ከንፈር ግን አትነክርም። «አንቺስ?» ሲላት፣ «ጠጥቻለሁ» ትላለች። ከዚያ መናገር ተወች፤ ጥጡን ግን አልተወችም።

በዚያው በማግስቱ ከቀትር በኋላ አህያዋ መጣች። አህያዋ መጣች፤ ከሰሉ መጣ። ከሰሉ መጣ፤ እሳቱ ነደደ፤ ሽባባው እንደ እብድ ወናፉን ይነፋዋል፤ መዶሻው ይጮኻል። አያ ቢያድግልኝ፣ «ይመኙ፣ ሰማሽ? ብረቱ ሊገጠም ነው!» ብሎ ሮጦ ገባ። እመት ይመኙሻል ጥጡን በጣቷ እንደያዘች፣ ጭንቅላቷን ልጅቷ ራስጌ ጥላ፣ ቀዝቅዛለች። ስኒዋ ባዶ ነው። ድንቄ ግን ትተነፍሳለች።

ሊያለቅስ አፉን ከፈተ፤ እንባም አጣ። አንገቷን አቃንቶ ነጠላዋን አለበሳትና ወጣ። ሰው ቢጠይቀውም አልነገረም፤ ድንጋዩ ገና አልተነሳማ።

እሳቱ ነደደ፤ ዲጅኖው ተገጠመ። ዲጅኖው ተገጠመ፤ ድንጋዩ ተፈነቀለ። ድንጋዩ ተፈነቀለ፤ ጉድጓዱ ሰጠ! ሰዉ እየተገፋፋ ጠጣ፤ ልጆች በሆዳቸው ተኝተው ጠጡ። ድንቄም ቅል ሙሉ ውሃ አገኘች። ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጠችው።

«አባባ፣ ለእማማም ስጣት» አለች።

አያ ቢያድግልኝ ለእማማም ቀዳ። በዚያው ውሃ ጎረቤት ሴቶች አጥበው ገነዟት።

ከቀብር መልስ መንደርተኛው ከደጁ ተሰበሰበ። ምራቅ ያጣችው እናት እግሩ ላይ ወደቀች። የሚመርቀው መረቀ። «እንዲህ ያለ አስተዋይ መሪ ከየት ይገኛል! ለአህያ ያጠጣትን ለእኛ አከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር። ጥበብ ነው!» አሉት።

አያ ቢያድግልኝ የወደቀችውን እናት አነሳና ቀና አለ። «ጥበብ አትበሉት፤ ስለ ይመኙሻል ብላችሁ ተዉኝ» አላቸው። «ጓዳዬ ሞልቶ ሳለ ያደረግኩት ቢሆን ጥበብ ነበር። ያኔ ዋጋው አንድ እንስራ ብቻ ነበር።»

ይኸው ተረቴ። ዳቦ አምጡ አልላችሁም፤ ለአንዱ ለተሾመ ሰው፣ ጊዜ የለኝም ሳይላችሁ፣ ንገሩልኝ።