የፔንዱለሙ ግማሽ ሰከንድ

የትምህርት ተቆጣጣሪው አቶ ደምመላሽ ስህተት የሚባል ነገር የማያውቃቸው ሰው ነበሩ፤ እሳቸው እንደሚሉት። አንድ ቀን ሊጎበኙ እንደሚመጡ በደብዳቤ አሳውቀው ተማሪው ሁሉ አበባ ይዞ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ጠበቃቸው። በመጨረሻ መጡና፣ ይቅርታ እንኳ ሳይሉ በቀጥታ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራው ገቡ።

ግድግዳው ላይ የተማሪዎቹ ውጤት ተለጥፏል፦ «ፔንዱለሙ ሃያ ጊዜ ለመወዛወዝ የፈጀበት ጊዜ፣ አርባ ሰከንድ፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ ግማሽ ሰከንድ።»

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ በከዘራቸው እየጠቆሙ።

«አምስት ጊዜ ብንለካው አምስቱም ትንሽ ትንሽ ተለያዩብን። እስከ ስንት ልንሳሳት እንደምንችል አብረን ጻፍን» አለች የቤተ ሙከራው ሠራተኛ።

«እኔ ባለሁበት ጥርጣሬ አይለጠፍም! አሁኑኑ ሰርዢው፤ አለዚያ ቁልፉን አስረክበሽ ውጪ!»

ሴትዮዋ በሩ ላይ የተለጠፈውን የተቆጣጣሪውን ደብዳቤ ነቅላ ዘረጋችላቸው።

«ክቡር ተቆጣጣሪ፣ "ልክ በሦስት ሰዓት እደርሳለሁ" ብለው ጽፈው በአምስት ሰዓት መጡ። "ሲደመር ወይም ሲቀነስ ሁለት ሰዓት" ቢሉበት ኖሮ ልጆቹ ፀሐይ ባልበላቸው። የግድ ይሰረዝ ካሉ ግን፣ ከእርስዎው ሁለት ሰዓት ላይ "ሲቀነስ" የሚለውን እሰርዛለሁ፤ ቀድመው መጥተው አያውቁም።»