ቀበሮ የሸጠው አዲስ ፕሮግራም

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ኮምፒውተር በለመዱበት ዘመን፣ አህያና ጅብ በአንድ ሸለቆ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። በመንደሩ ሕግ ጎረቤት ጎረቤቱን አይበላም፤ ጅብም ምራቁን እየዋጠ ሕጉን ያከብር ነበር። አህያ ፎቶ እያነሳችና እያተመች ነው የምትተዳደረው። ኮምፒውተሯ ያረጀ ነው፤ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ግን ሥራ አጓድሎባት አያውቅም። ጅብም ኮምፒውተርና ፕሪንተር አለው። ምን እንደሚሠራበት ራሱም አያውቅም፤ አህያ ስለገዛች ነው የገዛው።

በአንድ የገበያ ቀን ቀበሮ ከዋርካው ሥር ቆሞ መጮኽ ጀመረ።

«ኮምፒውተራችሁን የሚያዝዘው ዋናው ፕሮግራም አርጅቷል! አዲሱ መጥቷል፣ ‹ንጋት› ይባላል! ፈጠን በሉ!»

ጅብ ተጋፍቶ ፊት ደረሰ። «ስጠኝ! ዋጋው ምንድን ነው?»

«ላንተማ አያ ጅቦ፣ አንድ የበሬ ታፋ ብቻ።»

ጅብ ምን ይሠራል ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ ሮጦ ታፋውን አመጣ። አህያ ግን ጠጋ ብላ ጠየቀች።

«ጋሽ ቀበሮ፣ ይኼ አዲሱ ከአሮጌው በምን ይሻላል?»

«ቀለሙን ተመልከቺ እትዬ! ጥጎቹ ሁሉ ክብ ሆነዋል። ሲከፈት እንደ ወፍ ይዘምራል።»

«ፎቶ ያትማል ወይ?»

«ያበራል እኮ ነው የምልሽ!»

«አሮጌውስ ምን ጎደለው?»

«አሮጌ ነዋ!»

አህያ ጆሮዋን አከከች። የጠየቀችውን አልመለሰላትም፤ የመለሰላትን ደግሞ አልጠየቀችም። ዋጋው ለክረምት ያስቀመጠችው ገብስ መሆኑን ስትሰማ ጭራሽ ግራ ገባት። ገብሱን ብሰጥ በክረምት ምን እበላለሁ? ባልሰጥስ፣ ሁሉም ሲያልፍ እኔ ብቻ ወደ ኋላ ብቀር? ወደ ቤቷ ጥቂት ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። በመጨረሻ «ቆይ፣ ላስብበት» ብላ ሳትገዛ ቀረች።

በማግስቱ ጅብ ኮምፒውተሩን ከፈተ። እውነትም እንደ ወፍ ዘመረ። ከዚያ «እየተዘጋጀ ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ጅብ ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትወጣ ጠበቀ። ሲከፈትለት ፕሪንተሩን ቢያዝዘው፣ «ይህን መሣሪያ አላውቀውም» አለው።

«እኔ አውቀዋለሁ! የራሴ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም አላወቀውም።

እየተቆጣ ወደ ቀበሮ ሄደ። ቀበሮ ራሱን ነቀነቀ። «ኮምፒውተርህ ነው ያረጀው። ሌላ ታፋ ብታመጣ አዲስ አስመጣልሃለሁ።»

«ታፋዬን በልተህ ሌላ ታፋ?»

«ሁለተኛውን ካልሰጠህማ የመጀመሪያው በከንቱ ቀረ ማለት ነው።»

ጅብ አሰበበት። ነገሩ ልክ ይመስላል። ልክ ያልሆነ ነገርም አለበት፤ የትኛው እንደሆነ ግን ሊያገኘው አልቻለም። ታፋውን ሰጠ። አህያ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሳቋ ግን አልበረከተም። ጦጣ ዘፈን የሞላበት ፍላሽ በመንደሩ ታዞር ነበርና፣ አህያም ተውሳ ሰካችው። ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ። መልሶ ሲበራ ያነሳቻቸው ፎቶዎች በሙሉ አልከፈት አሉ። ቫይረስ የሚሉት ሌባ ገብቶባታል።

በዚያው ቀን ፍየል እያለከለከች መጣች።

«እትዬ አህያ፣ ልጄ ጠፋ! በበዓል ያነሳሽው ፎቶ አለ አይደል? አትሚልኝ፣ ወፎቹ ይዘውት ይፈልጉልኝ። ለነሱ ግልገል ሁሉ አንድ ነው፤ በአፍ ብነግራቸው አይለዩትም። ሰማዩን እዪው፣ ጎርፍ ሊመጣ ነው!»

አህያ አንገቷን ደፋች። «ነበረኝ፤ አሁን የለኝም።»

ፍየል እዚያው ተንበርክካ አለቀሰች። ከአጥሩ ወዲያ ጅብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ጋ አለ።»

«አንተ ጋ? ምን ይሠራልሃል?» አለች ፍየል።

«በበዓሉ አህያ ኮምፒውተር ላለው ሁሉ ስትሰጥ በፍላሽ የወሰድኩት ነው። አልፎ አልፎ አየዋለሁ። ለ... ለውበቱ ነው!»

«የጦጣን ፍላሽ አልሰካህም እንዴ?» አለች አህያ።

«ሰክቼ ነበር። ይኼ አዲሱ ‹ሌባ አለበት፣ አላስገባም› ብሎ ዘፈኑን ከለከለኝ። እንዴት እንደተናደድኩ!»

አህያ አፏን ከፍታ ቀረች። ስትስቅበት የነበረው ጅብ ፎቶው አለው፤ ማተም ግን አይችልም። የሷ ፕሪንተር ይሠራል፤ የሚታተም ፎቶ ግን የላትም፤ በፍላሽ ብታመጣውም ቫይረሱ ያጠፋዋል። ማን ጎበዝ፣ ማን ሞኝ እንደሆነ መለየት አቃታት።

«ወረቀቱ ይቅር፤ ወፎቹ እዚህ ይምጡና ይዩት!» አለች።

ወፎቹ እየፈሩ የጅብ መስኮት ላይ ሰፈሩ፣ የግልገሉን ፎቶ አይተው በረሩ። ብዙ ሳይቆይ ቁራ ጮኸ። ግልገሉ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ከቋጥኝ ሥር ተሸጉጦ ነበር። እናቱ ሮጣ ጎትታ ስታወጣው፣ የጎርፉ ድምፅ ከላይ ይሰማ ጀመር።

ሲነጋ መንደሩ ቀበሮን ከበበ።

«አጭበርብረኸኛል! ፕሪንተሬን ገደልክብኝ!» አለ ጅብ።

«እሱ ባይገዛ ልጄ በጎርፍ በተወሰደ ነበር» አለች ፍየል።

«ታዲያ መግዛት ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም?» አለች አህያ። ግማሹ ነበረብሽ አለ፤ ግማሹ አልነበረብሽም አለ፤ ሐሳቡን የቀያየረም ነበር። አህያ ወደ ቀበሮ ዞረች። «ሌባ እንደሚከለክል ለምን አልነገርከኝም? የክብ ጥግ ወሬ ምን ያደርግልኛል?»

የቀበሮ ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። «እትዬ፣ ድሮ ስለ ሌባው ነበር የምጮኸው። ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ቀለሙን ሳሳይ ገበያው ሞላ። ሌባ የሚከለክል መዝጊያ የሚገዛ የለም፤ የሚሸጠው ቀለም ነው።»

ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ፕሪንተር እንደሚያበላሽስ?» አለች አህያ።

«እሱን ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔ ጠይቄሃለሁ!» አለች አህያ። ቀበሮ ጭራውን ይልስ ጀመር። እሷም ቀጠለች፤ «እንግዲያው ስማኝ። ቀለሙን ተወው። መዝጊያውን አስገባልኝ፤ ከዚያ እዚሁ ፊቴ አንድ ፎቶ አትመህ አሳየኝ። ከታተመ ግማሹን ገብስ ትወስዳለህ፤ ካልታተመ ባዶ እጅህን ትሄዳለህ።»

ቀበሮ አጉረመረመ፤ የሁሉም ዓይን ስላረፈበት ግን እሺ አለ። ቀኑን ሙሉ ቫይረሱን ሲጠርግ፣ ኮምፒውተሩን ሲያስነሳ ሲያጠፋ አላበው። ወደ ማታ ፕሪንተሩ አስሎ አስሎ አንድ ፎቶ ተፋ። አህያ ገብሱን ሰፍራ ሰጠችው።

በዚያ ክረምት አህያ ከሳች። ሲርባት የጎደለውን ጆንያ እያየች ቀበሮን ትረግማለች፤ ኮምፒውተሯ ሌባ ያለበት ፍላሽ ሲመልስላት ደግሞ ትመርቀዋለች። ተጎዳሁ ወይስ ተጠቀምኩ የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው አልቆረጠችም። ጅብ በሁለተኛው ታፋ የመጣለትን አዲስ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ክብ ጥጎቹን እያደነቀ፣ ምን እንደሚሠራበት አሁንም እያሰበ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ የአዲስ ነገር ዋጋ የሚመዘነው በማማሩ ሳይሆን ለእኛ በሚሠራው ሥራ ስለሆነ፣ ከመክፈላችን በፊት ምን እንደሚጠብቅልንና ምን እንደሚያሳጣን መጠየቅ፣ መልሱንም በዓይናችን ማየት እንደሚገባን ነው።