ለሠሪዎቹ የተላከ ምርቃት

አንዲት እናት ነበረች። ማንበብ የጀመረችው በአርባ ዓመቷ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ልጇ ሶልያና የስኳር ሕመም ስላለባት ክሊኒኩ በእናትየው ስልክ ላይ አንድ መተግበሪያ ጫነላት። እናት ጠዋትና ማታ የልጅቷን ስኳር ትለካለች፣ ቁጥሩን ታስገባለች። ከልክ ካለፈ ስልኩ «ቶሎ ወደ ሐኪም!» ብሎ ይጮኻል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም። የምታምነው ጩኸቱን ነው።

አንድ ቀን ቁጥሩን ስታስገባ መተግበሪያው ድርግም ብሎ ጠፋ። ጩኸት የለም።

ምን አሰበች? «እኔው ነኝ ያበላሸሁት። ፊደል የቆጠርኩት ትናንት!» ደግማ አስገባች። ደግሞ ጠፋ። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣ፦ «ይቅርታ፣ ምን አጋጠመዎት? ለሠሪዎቹ ይጻፉ።»

ፊደል በፊደል እየለቀመች ጻፈች። ምን ብላ መሰላችሁ? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እናንተስ እንዴት ናችሁ? ልፋታችሁን ይቁጠርላችሁ።»

ትስቃላችሁ? አትሳቁ። የማታውቁት ሰው እንዴት ናችሁ ሲላችሁ ችግራችሁን የምትዘረግፉለት ስንቶቻችሁ ናችሁ? እሷም እንደ ጨዋ ሴት መለሰች።

በዚያ ሳምንት አራት ቀን ጠፋ። አራት ጊዜ መረቀቻቸው። ልጅቷ ውኃ ውኃ ስትል «ሙቀቱ ነው» አለች። ስልኩ ዝም ብሏላ! በአምስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ እናቷ ብትጠራት ሶልያና አልመለሰችም።

ተሸክማት ወደ ክሊኒኩ ሮጠች። ሐኪሞቹ ለጥቂት ደረሱላት። ልጅቷ በነቃች ጊዜ፣ ክሊኒኩ የሆነውን ስለነገራቸው፣ ከመተግበሪያው ሠሪዎች አንዷ፣ ምሕረት የምትባል ወጣት፣ ደወለች።

«እማ፣ አራቱም መልእክትዎ ደርሶናል።»

«ታዲያ ለምን አላበጃችሁትም?»

«ምኑን እናብጀው? ደህና ነን አሉን! እርስዎ ብቻ አይደሉም እኮ፣ ሠላሳ እናቶች መርቀውናል። እኛ ደግሞ ሥራችን ያማረ መስሎን ደስ ብሎን ከርመናል።»

«ለማላውቀው ሰው ገበናዬን ላውጣ?»

«ያውጡ እንጂ እማ! ምን ሲያደርጉ እንደጠፋ ካልነገሩን የት ብለን እንፈልገው?»

እናትየው የልጅቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጻፈች፦ «ሦስት መቶ ሃያ ብዬ ስጽፍ ጠፋ። ልጄ ልትሞትብኝ ነበር። ቶሎ በሉ።» ሰላምታ የለውም። ምርቃት የለውም። ለካ የሚጠፋው ቁጥሩ ከሦስት መቶ ሲያልፍ ኖሯል። በማግስቱ ተበጀ፤ የሠላሳዎቹም እናቶች መተግበሪያ ተበጀ።

ወገኖቼ፣ ማመስገን ክፉ ነው አልልም። አመስግኑ! ግን «ተመስገን»ን መሸፈኛ አታድርጉት። እግዚአብሔር የልባችሁን ያውቃል፣ እውነት ነው። ጎረቤታችሁ ግን አያውቅም። የትዳር ጓደኛችሁ አያውቅም። እኔም አላውቅም።

ቤታችሁ ውስጥ ድርግም ያለው ምንድን ነው? ከልጃችሁ ጋር መነጋገር ያቆማችሁት መቼ ነው? እንቅልፍ ከነሳችሁ ስንት ቀን ሆነው? «እኔው ነኝ ያበላሸሁት» ብላችሁ ያፈራችሁበት ነገር የሠላሳ ቤት ሕመም ቢሆንስ? እናንተ ስለተሸፋፈናችሁ ሌላዋ እናት ልጇን ተሸክማ እየሮጠች ቢሆንስ?

ዛሬ ስትወጡ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ እንዴት ናችሁ እላችኋለሁ። እጄን ጨብጣችሁ ብቻ አትለፉኝ። እኔ እስኪመሽ እጠብቃችኋለሁ። ችግራችሁ ግን አይጠብቃችሁም።