ኮባ የተጫማችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ሰማይ ዝናቡን በነፈገበት ዓመት፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ካሉት ምንጮች ሳይደርቅ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። አንበሳም አራዊቱን ሁሉ ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በምንጩ ዙሪያ ማንም ማንንም አይንካ። ማንም የማንንም ስም አይጠይቅ፤ ቤትህ የት ነው አይበል» ሲል ደነገገ። ምንጩንም እንድትጠብቅ ቀበሮን ሾማት።

ቀበሮ ሹመቷን በደስታ ተቀበለች። ማለዳ ማለዳ ወደ ምንጩ በሚያስገባው መንገድ ላይ ያለውን አሸዋ በጅራቷ እየጠረገች ታስተካክላለች።

«እመት ቀበሮ፣ ምነው ይሄን ያህል መድከም?» ሲሏት፣

«የእንግዳ እግር እንዳይጎረብጠው ብዬ ነው» ትላለች።

አራዊቱም «እንዴት ያለች እንግዳ አክባሪ ናት!» እያሉ የለሰለሰውን አሸዋ ረግጠው ያልፋሉ።

ከሚያልፉት አንዷ ዳልቺቱ የምትባል አህያ ነበረች። ዳልቺቱ ዓይን አፋር ናት። ሌሎቹ አህዮች እየተላፉ አብረው ውሃ ሲወርዱ፣ እሷ ሁሉም ጠጥተው ከተመለሱ በኋላ ብቻዋን ትመጣለች። ሰላም ሲሏት ጆሮዋን ጥላ ታልፋለች። «ኩራተኛ ናት» የሚሏትም ነበሩ። ነገሩ ግን ኩራት አልነበረም። ዳልቺቱ ለማንም ያልነገረችው ምስጢር ነበራት። ሰባት መንገዶች ከሚለያዩበት ቋጥኝ ማዶ፣ በአንዲት ጠባብ ዋሻ ውስጥ፣ ገና እግሩ ያልጠና ውርንጭላ ደብቃለች።

ጠንቃቃ እናት ነበረችና ስለ ዱካዋ አብዝታ አሰበች። በመጨረሻም አንድ ብልሃት መጣላት። ከምንጩ በላይ ከበቀለው ኮባ ቅጠል ቀጠፈች፤ አራቱንም ኮቴዎቿን ጠቀለለች፤ በሐረግ ሸብ አድርጋ በጥርሷ አጠበቀች። «ከእንግዲህ አሸዋው ላይ የእኔን ኮቴ የሚያይ የለም» ብላ ደስ አላት። ዐሥር ቀን ሙሉ እንዲሁ ተጫምታ ወረደች።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የጠጣችው አልበቃ ብሏት ከሰዓት በኋላ ዳግመኛ ወደ ምንጩ ልትወርድ ስትል የአያ ጅቦን ድምፅ ሰማች። ደንግጣ ከአንድ ሾላ ግንድ ጀርባ ተሸሸገች።

«እመት ቀበሮ፣ ስንት ቀን ልጠብቅ? ሆዴ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ተዛምዷል!»

«ቀስ በል፣ አያ ጅቦ። ይልቅ ና፣ ይህን እይ።»

ጅብ አጎንብሶ አየ፤ አሸተተም። «አሸዋ ነው። አይበላም።»

«አንብበው እንጂ ማን ብላው አለህ! ይህች አህያ ናት፤ አረማመዷ ይናገራል። የኋላ ግራ እግሯን ትጎትታለች። ሁልጊዜ ከጠፍጣፋው ድንጋይ በስተግራ ቆማ ነው የምትጠጣው፤ እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ የተንጠባጠበ ወተት ደርቋል። ስትመጣ በእርምጃ ነው፤ ስትመለስ በሩጫ። እንግዲህ ቤቷ የሚጠብቃት አለ ማለት ነው።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ስሟ ምን ያደርግልኛል? አንበሳ ስም አትጠይቂ ብሏል፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።» ቀበሮ ሳቋ አመለጣት። «ይባስ ብላ ደግሞ ኮባ ተጫምታለች! ሌሎቹ አህዮች ይምታቱብኛል። እሷ ግን እንዴት ትጠፋኛለች? በዚህ አገር ጫማ ያላት አህያ አንዲት ናት።»

«ታዲያ ቤቷ የት ነው?»

«ሰባቱ መንገዶች የሚለያዩበት ቋጥኝ ላይ ስትደርስ ትጠፋብኝ ነበር። ኮቴ ድንጋይ ላይ ምልክት አይተውም። ኮባ ግን እየተበጣጠሰ ይረግፋል። ነገ ጠጥታ እንደተመለሰች፣ ነፋስ ሳይበትነው አረንጓዴውን ተከትለህ ሂድ። ውርንጭላው እዚያ ነው። ጉበቱ ግን የእኔ ነው!»

«ጉበቱን? ኧረ ተይ! ሳንባውን ልስጥሽ። ጆሮውን እመርቅልሻለሁ።»

«ጉበት ብያለሁ!»

«እሺ፤ ልሼው ልስጥሽ።»

ዳልቺቱ ጎንበስ ብላ በገዛ ጥርሷ ያሰረችውን ኮባ አየችው። ቢፈታስ? ግራ እግሯን የት ታደርገዋለች? ነገ ውሃ ባትወርድስ? ወተቷ ይነጥፋል፤ ልጇም እንደሆን ጎኑ መቆጠር ጀምሯል። ወደ ዋሻው ልትሮጥ አሰበች፤ የረገፈውን ኮባ አስታውሳ ቆመች። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ወደ መንጋው ሄደች።

አህዮቹ ከግራሮች ሥር አርፈው ነበር። የሁሉም ታላቅ፣ ጥርሷ ያለቀው እትዬ ሸክሚቱ፣ ገና ከሩቅ አየቻት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር… አይ፣ ይቅር።»

«ዐሥር ቀን ኮባ ተጫምተሽ ስትመላለሺ አይተን ዝም ያልነው አንቺው እስክትናገሪ ብለን ነው። በይ ተናገሪ፣ ልጄ።»

ዳልቺቱ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «ልጅ አለኝ» አለች። ከዚያ የቀረው ራሱ እየተከታተለ ወጣ። «ካቻምና ደግሞ ሞቶ ተወለደ ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ደኅና ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ነበረችው። ደስታው አላስችል ብሎኝ ምንጩ ዳር ቆሜ፣ ወለድኩ፣ ወለድኩ እያልኩ አናፋሁ። ጅብ ሰማኝ። በሦስተኛው ቀን ከሣር ስመለስ… እትዬ፣ ልጄን ያስበላሁት በገዛ አፌ ነው። ከዚያ ወዲህ እናንተን ቀና ብዬ ማየት አፍራለሁ።»

እትዬ ሸክሚቱ እየከበዳት ተነሥታ መጣችና አንገቷን በዳልቺቱ አንገት ላይ አሳረፈች።

«ልጅሽን የበላው ጅብ ነው፣ ልጄ። አፍሽማ ደስ ብሎት ተናገረ እንጂ ማንን ነከሰ?»

ዳልቺቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። የቀበሮንና የጅብን ምክርም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ጥፋትሽ መደበቅሽ አይደለም» አለች እትዬ ሸክሚቱ። «ጥፋትሽ ለብቻሽ መደበቅሽ ነው። አንዲት አህያ ኮባ ብትጫማ መታወቂያዋ ነው። አርባ አህያ ቢጫማው ግን የአገር ልብስ ይሆናል። ተነሡ፣ ወደ ኮባው!»

የዚያን ዕለት ግርግር አይነገርም። «አጠበቅሽብኝ!» «የእኔ ኮቴ ሰፊ ነው፣ ትልቁን ቅጠል አምጡልኝ!» «ያሳክከኛል እባካችሁ!» እትዬ ሸክሚቱም አራት እግሯን እያየች፣ «ጉድ ነው፤ በስተርጅና ሙሽራ ሆንኩ» ትል ነበር።

በማግሥቱ አርባውም ሰልፍ ይዘው፣ አንዷ የሌላዋን ዱካ እየረገጠች ወረዱ። ሁሉም የኋላ ግራ እግራቸውን ጎተቱ። ቀኙን የምትጎትት ስትገኝ፣ «ግራ! ግራ!» እያሉ ከኋላ ይገፏታል። ሁሉም በየተራ ከጠፍጣፋው ድንጋይ በስተግራ ጠጡ። ሁሉም በሩጫ ተመለሱ። ቋጥኙ ላይ ሲደርሱም በሰባቱ መንገድ ተበታተኑ።

አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ መጣ። ቀበሮ ግን አሸዋው ላይ ተደፍታ ነበር።

«ሁሉም ጫማ አላቸው» አለች ድምፅዋ ቀጥኖ። «ሁሉም ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። ሁሉም ወደ ቤታቸው ሮጠዋል። በዱካቸው ከሆነ እኮ አርባዎቹም ወልደዋል!»

«አርባ ውርንጭላ!» አለ ጅብ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የቀረውን ሳይሰማ ወደ ቋጥኙ በረረ።

ሰባቱም መንገድ አረንጓዴ ነበር። በአንደኛው ጥቂት ሮጠና፣ «የዚያኛው ቢሰባስ?» ብሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ጥቂት ሮጠና ሦስተኛው አማረው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አንዱንም መንገድ አልጨረሰም። ከኮባ ብጥስጣሽ በቀር ያገኘው የሚቀመስ ነገር አልነበረም፤ እሱንም ቀመሰው። ምላሱን አንጠልጥሎ ወደ ምንጩ ተመለሰ።

«አርባ ውርንጭላዬን አምጪ!»

«አያ ጅቦ፣ እኔ እኮ በዱካው ከሆነ ነው ያልኩት…»

«እንግዲያው ጉበት ስጪኝ። የራስሽንም ቢሆን እቀበላለሁ!»

ቀበሮ የሚቀጥለውን አልጠበቀችም። ስትሮጥ የጣለችው ዱካ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሸለቆው ያያት የለም፤ አሸዋውንም የሚጠርገው ጠፋ።

አህዮቹ ኮባቸውን ፈቱ፤ አብሮ መውረዱን ግን አልተዉም። በሦስተኛው ቀን በእግሮቻቸው መሐል አንድ ውርንጭላ አብሯቸው ወረደ። የእሱን ትንሽ ዱካ ከኋላ የሚመጣው የመንጋው ኮቴ እየረገጠ ያጠፋው ነበር። ልጇ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩን ውሃ ሲያስነካና ቀዝቅዞት ሲያስነጥስ ባየች ጊዜ፣ ዳልቺቱን እንደ ድሮው ማናፋት አሰኛት። ዋጠችው።

«ምን አነቀሽ?» አለች እትዬ ሸክሚቱ።

«ያው… የድሮ አመሌ መጣብኝ፣ እትዬ» አለች እያፈረች።

«ታዲያ ምን ችግር አለ? አብረን ነዋ!» ብላ አሮጊቷ አንገቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ አናፋች። ተከትለው ሌሎቹ አናፉ። ዳልቺቱም የሁለት ዓመት ደስታዋን በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። ከማዶ የተጋደመው ጅብ ጆሮውን ቀስሮ አዳመጠ፤ ከዚያ ሁሉ ድምፅ የወለደችው የትኛዋ እንደሆነች ግን መለየት አልቻለም።

ከዚህ የምንማረው ስማችንን ያልጠየቀን ሁሉ አያውቀንም ማለት እንዳልሆነ፣ በእግር መንገድም ሆነ በኢንተርኔት ስንመላለስ የምንጥላቸው ጥቃቅን ምልክቶች ተለቃቅመው ደጃችን ድረስ እንደሚያደርሱ፣ ከዚህም የሚሰውረን ለብቻችን የምናጠልቀው መሸፈኛ ሳይሆን ከብዙዎች ጋር ተመሳስሎ መራመድ መሆኑን ነው።