የኃላፊው ካሜራ

አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ራሳቸው መርጠው በገዟት፣ መዳፍ በማትሞላ ዲጂታል ካሜራ ሠራተኞቻቸውን ግቢው ውስጥ አሰልፈው ፎቶ አነሡ። ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ግን የአንድም ሰው መልክ አይለይም። ኃላፊው ሁሉንም ሰብስበው፣ «በሉ፣ ስለ ካሜራዋ አስተያየት ስጡ!» አሉ።

ነገረ ፈጁ «ካሜራዋ ትንሽ ደከም...» ብሎ ሲጀምር፣ «ምርጫዬን ልትነቅፍ ነው?» አሉት። ጸሐፊያቸው «እጅ ሲንቀሳቀስ...» ስትል ደግሞ፣ «እጄ ምን ሆነ?» ብለው አፈጠጡባት።

ይሄኔ የጽዳት ሠራተኛዋ ብድግ ብላ፣ «ጥፋቱ የእኛ ነው ጌታዬ። እርስዎ ፊት ስንቆም ስለምንንቀጠቀጥ ነው የደበዘዝነው» አለች።

ኃላፊው ደስ አላቸው። ፎቶውን እንደገና አየት አደረጉና፣ «ታዲያ ከኋላችሁ ያለው ግንብ ለምን ደበዘዘ?» ሲሉ ጠየቋት።

«እሱስ ቢሆን ጌታዬ፣ እርስዎ ሲቆጡን ሲሰማ ይውል የለ!»