ወርቅያንሹ መስኮቷን ልክፈት ብትል

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አንዲት መስኮት ልትከፍት ብላ አገር ያዳረሰች ሴት ነበረች።

ስሟ ወርቅያንሹ ይባላል። ከሲሚንቶ ፋብሪካው በታች ባለው ሰፈር ሹሩባ እየሠራች ትኖር ነበር። አባቷ አቶ ወንድይፍራው ሳንባቸውን ታመው አልጋ ይዘዋል። ሐኪሙ «ንጹሕ ነፋስ ያግኙ» ብሏል። መስኮቱ ግን አይከፈትም። ከተከፈተ የፋብሪካው ጭስ ዘው ብሎ ይገባል፤ አንሶላው ይጠቁራል፤ ሽማግሌው በሳል ይታፈናሉ።

አንድ ጠዋት አባቷ «ልጄ፣ እንደው ለትንሽ ጊዜ ክፈችልኝ» አሏት። ከታመሙ ጀምሮ ምንም ነገር ለምነዋት አያውቁም ነበር። ወርቅያንሹ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው ወደ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ወደ ኢንጂነር ሰይፈሚካኤል ነው።

«ጌታዬ፣ አባቴ ነፋስ ይፈልጋሉ። እባክዎን ጭሱን ይቀንሱልን።»

ሰይፈሚካኤል ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሳበላት። «ጭሱን የሚተፋው አሮጌው እቶን ነው። እኔም ልቀይረው እፈልጋለሁ። ግን መንግሥት አዲስ የጭስ ሕግ አውጥቷል። ለየፋብሪካው የጭስ ልክ ይወሰንለታል፤ ከልኩ በላይ ያጨሰ፣ ጭስ የሚመጥ ደን ከሚጠብቁ ሰዎች ድርሻ ይገዛል። የኔን ልክ ሳላውቅ የትኛውን እቶን ልዘዝ? መንግሥት ልኬን ይንገረኝ፣ እቀይራለሁ።»

ወርቅያንሹ ደነገጠች። ጭስ እየተሰፈረ የሚታደል ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አልሰማችም። መንገዱን ሁሉ ለራሷ እያለች ሄደች፦ ልኩ ካልተወሰነ እቶኑ አይቀየርም፤ እቶኑ ካልተቀየረ መስኮቱ አይከፈትም።

ልክ የሚወስነው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ሶስና ናቸው። ቢሮአቸው በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸውና «እመቤት፣ ለፋብሪካችን ልክ ይወስኑለት» አለቻቸው።

ወይዘሮ ሶስና በረጅሙ ተነፈሱ። «ልኩን ጠበቅ ባደርገው ፋብሪካዎቹ “ከማን ነው ድርሻ የምንገዛው?” ብለው ይነሡብኛል። ላላ ባደርገው ደን ጠባቂዎቹ “ታዲያ ማን ይገዛናል?” ብለው ይነሡብኛል። ደን ጠባቂዎቹ ድርሻችንን እንሸጣለን ብለው ይፈርሙ። ሁሉም ሳይስማማ እኔ እጄን አላስገባም።»

«መንግሥት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ» አሉ ወይዘሮ ሶስና። ወደ ቢሮአቸውም ገቡ።

ወርቅያንሹ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ወደ ተራራው የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሆናም ታሰላስል ነበር፦ ደን ጠባቂው ካልፈረመ ልኩ አይወሰንም፤ ልኩ ካልተወሰነ እቶኑ አይቀየርም፤ እቶኑ ካልተቀየረ መስኮቱ አይከፈትም።

የደን ጠባቂዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ጉደታ ሽበታም፣ ቁመተ ረጅም ሰው ናቸው። ጥያቄዋን እንደሰሙ ክንዷን ይዘው ወደ ጫካው አስገቧት። ከውጭ ሲያዩት ጥቅጥቅ ያለው ደን ውስጡ ባዶ ነበር። ጉቶ፣ ከጉቶ አጠገብ ጉቶ።

«ልጄ፣ ይህን ነው ጠብቄአለሁ ብዬ የምፈርመው?» አሉ። «ከሰል አክሳዮቹ በየቀኑ ይጥሉታል። እኔ በስተርጅናዬ ውሸት አልፈርምም። እነሱ ይውጡ፣ ያን ጊዜ እፈርማለሁ።»

አክሳዩ ካልወጣ ደን ጠባቂው አይፈርምም፤ ደን ጠባቂው ካልፈረመ ልኩ አይወሰንም፤ ልኩ ካልተወሰነ እቶኑ አይቀየርም፤ እቶኑ ካልተቀየረ መስኮቱ አይከፈትም። ይህን እያለች ጭስ ወደሚወጣበት ወረደች።

የከሰል አክሳዮቹን አለቃ ሙክታርን አፈር በለበሰ የእንጨት ክምር አጠገብ አገኘችው። ልትቆጣው አስባ ነበር። እሱ ግን ከመናገሩ በፊት ሳለ፤ ሳሉ እንደ አባቷ ሳል ነበር። ቁጣዋ በረደ።

«እትዬ፣ ጭስ ውስጥ መኖር ማን ይወዳል?» አላት። «ሥራ ካገኘን ነገውኑ እንወጣለን።»

«የት ጠየቃችሁ?»

«ከፋብሪካው ሌላ እዚህ አገር ምን አለ? በሩን ያልለመንኩበት ጊዜ የለም።»

ወርቅያንሹ ተስፋ አደረባት። ሥራ አስኪያጁን ታውቀዋለች፤ ወንበር የሚሰጥ ሰው ነው። ተመልሳ ሄደችና «ሙክታርንና ጓደኞቹን ይቅጠሩልኝ» አለችው።

«ምን ላሠራቸው?» አለ ሰይፈሚካኤል። «ሰው የምቀጥረው አዲሱን እቶን ስተክል ነው።»

እቶኑ ካልተተከለ ሥራ አይገኝም፤ ሥራ ካልተገኘ አክሳዩ አይወጣም፤ አክሳዩ ካልወጣ ደን ጠባቂው አይፈርምም፤ ደን ጠባቂው ካልፈረመ ልኩ አይወሰንም፤ ልኩ ካልተወሰነ ደግሞ ያው እቶኑ አይተከልም። ዞራ ዞራ የመጣችው የተነሣችበት በር ላይ ነው። በሩ ሥር ቁጭ አለች። ዘበኛው ውሃ አቀበላት።

ቤት ስትገባ አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። «ተዪው ልጄ፣ መስኮቱ ይቅር» አሏት። ካየችው ሁሉ የከፋባት ይህ ነው። ሰው የሚፈልገውን ነገር ሲተው ምን እንደሚመጣ ታውቃለች።

በማግስቱ ወይዘሮ ሶስና ቢሮ ሳታንኳኳ ገባችና የሰማችውን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሶስና ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሁሉም የየራሱን ነግሮኛል» አሉ። «አንዱ የሌላው በር ላይ እንደቆመ ግን አላየሁም።»

ሁሉንም በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰቧቸው። ወዲያው ጠብ ሆነ።

«ደኑን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው!» አሉ አቶ ጉደታ።

«ልጆቻችን ምን ይብሉ?» አለ ሙክታር።

«ፋብሪካው ከተዘጋ ሁላችሁም ምን ትበላላችሁ?» አለ ሰይፈሚካኤል።

ወርቅያንሹ ተነሣች። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ሌላውን ሳይጠብቅ አንድ እርምጃ መራመድ የሚችል ማነው?»

ሙክታር እጁን አየ፤ አቶ ጉደታ ከዘራቸውን አዩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሶስና «እኔ ነኝ» አሉ። «ሕጉ ማንም ባይስማማ እንኳ ጊዜያዊ ልክ እንድወስን ይፈቅድልኛል። ከመጀመሪያውም ይፈቅድልኝ ነበር። የሚከሰኝ እንዳይኖር ብዬ ነው የጠበቅሁት።»

ሰው ሁሉ በድንጋጤ ተያየ። ወርቅያንሹ ያን ሁሉ መንገድ ነው ያሰበችው።

ወይዘሮ ሶስና እዚያው ልኩን ተናገሩ። «አነሰ፤ እከሳለሁ» አለ ሰይፈሚካኤል።

«ይክሰሱ። ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ልክዎ ይኸው ነው።»

አጉረመረመ። ግን ልኩን አወቀ፤ ልኩን ስላወቀ እቶኑን አዘዘ፤ እቶኑን ስላዘዘ ለመሠረቱ ቆፋሪ ፈለገ፤ ቆፋሪ ስለፈለገ ሙክታርንና ጓደኞቹን ቀጠረ፤ ሙክታር ስለተቀጠረ ከጫካው ወጣ፤ እሱ ስለወጣ አቶ ጉደታ ፈረሙ። አዲሱን ለመትከል አሮጌው እቶን መጥፋት ነበረበትና አንድ ረፋድ ላይ ጠፋ።

ወርቅያንሹ መስኮቱን በረገደችው። ነፋሱ ገብቶ መጋረጃውን አነሣው። አባቷን ወደ ብርሃኑ ልታስጠጋቸው እጇን ከጀርባቸው ሰድዳ ቀና አደረገቻቸው፤ በዚያው ክው ብላ ቀረች። እንደ ሕፃን ቀለዋል። እሷ በር ለበር ስትዞር ሰውዬው እዚህ አልቀዋል።

እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነፋሱን በረጅሙ ሳቡት። አልሳሉም። ደግመው ሳቡት።

«ይበርዳል» አሉ። «ጋቢ ደርቢልኝ። መስኮቱን ግን እንዳትነኪው።»